የትራክ የፊት መስታወት ጠጠር ሲመታው፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ከዴንቨር ተነስታችሁ ሻየን ላይ አይ-80 አውራ ጎዳናን ትይዙና ወደ ምዕራብ ትነዳላችሁ። የበረዶ ወራት ነው። መንገዱ እንዳያንሸራትት አሸዋ ተበትኖበታል። ነፋሱ ተሳቢውን ይገፋል። ከፊታችሁ ያለው ትራክ ጎማ አንዲት ጠጠር ያፈናጥራል። ቷ! ቀና ስትሉ መስታወቱ ላይ ምስር የምታክል ነጭ ነጥብ ታያላችሁ።

በዚያች ደቂቃ አብዛኞቻችን የምንለው አንድ ነው። «ትንሽ ናት። ሎዱን (ጭነቱን) ላራግፍና አያታለሁ።» እኔም ብያለሁ። ያን ቀን ዋዮሚንግ ውስጥ ሮሊንስ አደርኩ። ሌሊቱን መስታወቱ በረዶ ሠራ። ጠዋት ሞተር አስነስቼ የሂተሩን ሙቀት በሙሉ ኃይሉ መስታወቱ ላይ ለቀቅኩት። ቡናዬን ሳልጨርስ ያቺ ነጥብ ከመሪው ፊት ተነስታ እስከ ቀኙ ጠርዝ ተሰነጠቀች። በግማሽ ሰዓት ያልቅ የነበረ ጥገና አንድ ሙሉ ቀን ከሥራ አስቀረኝ።

አሜሪካ ውስጥ ትራክ የሚነዳው ወገናችን ብዙ ነው። አንዳንዱ የራሱ ትራክ አለው፣ አንዳንዱ ትራኩን ይዞ በሌላ ካምፓኒ ሥር ይሠራል፣ አንዳንዱ ደሞዝተኛ ነው። መስታወት ሲመታበት ግን ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ይረክሳል?» ብሎ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ሦስት ነገር እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ። ጉዳቱ የት ላይ ነው? ምን ያህል ነው? ስንት ቀን ሆነው? እነዚህን ከመለሳችሁ፣ የዋጋው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ መልስ ያገኛል።

መስታወቱ ውስጥ ምን አለ?

የፊት መስታወት አንድ መስታወት አይደለም። ሁለት ስስ መስታወቶች ናቸው፤ መሃላቸው ላይ ፒቪቢ የሚባል ግልጽ ፕላስቲክ አለ። ሲሰበር ተበትኖ ፊታችን ላይ የማይፈሰው ይህ ፕላስቲክ ስለሚይዘው ነው። ጠጠር ሲመታው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው የውጪው መስታወት ብቻ ነው። የውስጡ ደህና ነው። ጥገና የሚቻለውም ለዚህ ነው።

ጣታችሁን ከውስጥ በኩል አሳልፉበት። ከውስጥም ሻካራ ከሆነ ሁለቱም ተሰብረዋል ማለት ነው። ያኔ ምርጫ የለም፣ ይቀየራል።

ሕጉን በአንድ ፔኒና በአንድ ዶላር መለካት

በክልሎች መካከል የሚሠራ ትራክ የፌዴራሉን ሕግ መከተል አለበት። ስለ መስታወት የሚናገረው ቁጥር 393.60 ነው። የሚመለከተው ቦታ ከመሪው የላይኛው ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን ነው። ከላይ በኩል 2 ኢንች፣ ከግራና ከቀኝ ደግሞ አንዳንድ ኢንች ጠርዝ አይቆጠርም። ከመሪው በታች ያለ ጉዳትም በዚህ ቁጥር አይያዝም።

በዚያ ቦታ ውስጥ የሚፈቀደው ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ስፋቱ ከሩብ ኢንች ያልበለጠና ሌላ ስንጥቅ የማያቋርጠው ስንጥቅ ነው። ሁለተኛው፣ ዲያሜትሩ ሦስት አራተኛ ኢንች በሆነ ክብ ነገር ሊሸፈን የሚችል ጉዳት ነው። እሱም ቢሆን ከሌላ ተመሳሳይ ጉዳት ቢያንስ 3 ኢንች መራቅ አለበት።

አሁን ኪሳችሁን ፈትሹ። የአሜሪካ ፔኒ ዲያሜትሩ ልክ ሦስት አራተኛ ኢንች ነው። ፔኒዋን ጉዳቱ ላይ አስቀምጡ። ሙሉ በሙሉ ከሸፈነችው በመጠን ደህና ናችሁ። የአንድ ዶላር ኖት ደግሞ ርዝመቱ 6 ኢንች ያህል ነው። ለሁለት ብታጥፉት 3 ኢንች ይሆናል። ሁለት የተመቱ ቦታዎች ካሉ፣ የታጠፈው ዶላር መሃላቸው ይግባ አይግባ እዩ። ካልገባ ተቀራርበዋል። ለዚህ ሜትር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አንድ ቀጭን ስንጥቅ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ቢያቋርጥ እንኳ፣ ብቻውን እስከሆነ ድረስ በፌዴራሉ ሕግ ላያስቀጣ ይችላል። ይህን የሰማ ሾፌር «ችግር የለውም» ብሎ ወራት ይነዳል። ግን ስንጥቅ ብቻውን አይቆይም። ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ወይም ሁለተኛ ጠጠር ይመጣና አዲሱ ከአሮጌው ጋር ይገናኛል። የተገናኙ ዕለት ጥፋት ይሆናል። እናንተ ደግሞ የሚገናኙበትን ቀን አትመርጡም። ዌይ ስቴሽን (ትራክ የሚመዘንበትና የሚፈተሽበት ጣቢያ) ልትገቡ አንድ ማይል ሲቀራችሁ ሊሆን ይችላል።

የዲኦቲ (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ተቆጣጣሪ መንገድ ላይ ከጻፈው፣ በካምፓኒው የተሽከርካሪ ጥገና መዝገብ ውስጥ ለ24 ወራት ይቆጠራል። በየ12 ወሩ የሚደረገው ዓመታዊ ኢንስፔክሽንም የፊት መስታወትን ያያል። በራሳችሁ የዲኦቲ ቁጥር የምትሠሩ ከሆነ፣ አንዲት ቺፕ (ጠጠር የመታት ነጥብ) በሁለት ዓመት መዝገብ ላይ እንድትቀመጥ አትፍቀዱላት።

ጥገና የሚያደርገውና የማያደርገው

ባለሙያው በተመታው ቦታ ላይ ትንሽ መሣሪያ ይገጥማል። መጀመሪያ በውስጡ ያለውን አየር ይስባል። ከዚያ ሬዚን የሚባል ቀጭን ፈሳሽ ሙጫ በግፊት ያስገባል። በመጨረሻ በዩቪ ብርሃን ያደርቀዋል። ሬዚኑ ብርሃን የሚያሳልፍበት መንገድ ከመስታወት ጋር ስለሚቀራረብ ነጩ ነገር ይደበዝዛል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ስንጥቁ እንዳይሄድ መያዙ ነው።

ይደበዝዛል አልኩ እንጂ ይጠፋል አላልኩም። ጥሩ ጥገና ከተደረገ በኋላም ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ትንሽ ምልክት ይቀራል። «እንደ አዲስ አደርገዋለሁ» የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

የመስታወት ጥገና ሙያ የራሱ መለኪያ አለው፤ ሮላግስ ይባላል። በዚያ መሠረት ክብ ምት እስከ 1 ኢንች፣ ኮከብ የሚመስል ምት እስከ 3 ኢንች፣ ስንጥቅ ደግሞ እስከ 14 ኢንች ሊጠገን ይችላል። 14 ኢንች ማለት ሁለት የዶላር ኖት ጫፍና ጫፍ ተገጣጥሞ ሌላ ሁለት ኢንች ያህል ሲጨመርበት ነው። ከሾፌሩ ዓይን ፊት ለፊት ያለው 12 ኢንች ስፋት ያለው ቦታ ግን ጥብቅ ነው። እዚያ ውስጥ ከ1 ኢንች የበለጠ ጉዳት አይጠገንም፣ ወይም ከሌላ ጥገና በ4 ኢንች ውስጥ ያለ አይጠገንም። ክዋርተር ሳንቲም ከ1 ኢንች በጥቂት ነው የሚያንሰው፤ ለመገመት እሱን ተጠቀሙ።

እኔ በዚህ ጉዳይ ከመለኪያውም እጠብቃለሁ። ከመሪው ፊት፣ ዓይኔ መንገዱን በሚያይበት ቦታ ላይ፣ ከፔኒ የሚበልጥ ጉዳት ካለ አላስጠግንም። አስቀይረዋለሁ። ምክንያቱ ሌሊት ነው። ቀን ላይ የማትታይ የጥገና ምልክት፣ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍባት ትበተናለች። ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። 80,000 ፓውንድ የሚመዝን ነገር እየነዳችሁ መንገድ ዳር የቆመ ሰው በግማሽ ሴኮንድ ዘግይታችሁ ማየት የለባችሁም። ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ አያስቆጨኝም።

ጊዜውን በተመለከተ ጥገና ለትራክ ሾፌር ይመቻል። አንድ ቺፕ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው። 8 ሰዓት ከነዳችሁ በኋላ የግድ የምትወስዱት የ30 ደቂቃ ዕረፍት አለ አይደል? ጠጋኙ ትራክ ስቶፕ ድረስ የሚመጣ ከሆነ በዚያው ሰዓት ያልቃል። ዋጋው ከቦታ ቦታ ቢለያይም ለአንድ ቺፕ ብዙውን ጊዜ ከ100 ዶላር ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ያለ ነው። በአንድ ጉብኝት ሁለተኛ ቺፕ ካስጨመራችሁ ለሁለተኛው ቅናሽ ጠይቁ። ሰውየው መሣሪያውን ይዞ መጥቷል።

የቆየ ጉዳት ግን ሌላ ነው። አቧራ፣ ውሃ፣ ጨው፣ የመስታወት ማጠቢያ ፈሳሽ ገብቶበታል። ሬዚኑ በደንብ አይይዝም፣ የሚታየውም ምልክት ይጠቁራል። በመጀመሪያው ቀን የሚጠገን ነገር በሦስተኛው ሳምንት ላይጠገን ይችላል።

በ10 እና በ20 ዶላር የሚሸጡት፣ ሾፌሩ ራሱ የሚጠግንባቸው መጠገኛዎችስ? ለአንድ ነገር እደግፋቸዋለሁ፦ ከከተማ ርቃችሁ፣ ጉዳቱ ከዓይናችሁ መስመር ውጪ ሆኖ፣ ትንሽ ከሆነ። ከዚያ ውጪ ጠንቀቅ በሉ። አንዴ ሬዚን ገብቶ ከደረቀ፣ አየር ቢቀርበትም ባለሙያ መልሶ አያወጣውም። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሞከር ነገር ነው። የጥፍር ቀለም ወይም ሱፐር ግሉ የሚቀቡ ሰዎችም አሉ። እባካችሁ አትቀቡ፤ ሊጠገን የሚችለውን ያበላሻል።

መቀየር ሲመጣ

ስንጥቁ የመስታወቱን ጠርዝ ከነካ፣ ሁለቱም መስታወቶች ከተሰበሩ፣ ስንጥቆች ከተጣመሩ፣ ወይም ዓይን ፊት ለፊት ሆኖ ከፔኒ ከበለጠ ይቀየር። ይህ ብዙ አያከራክርም። የሚያከራክረው እንዴትና የት እንደሚቀየር ነው።

መጀመሪያ ትራካችሁ የትኛው ዓይነት መስታወት እንዳለው እወቁ። የድሮዎቹ ባለ ረጅም አፍንጫ ትራኮች፣ ለምሳሌ ፒተርቢልት 379 ወይም ኬንዎርዝ ደብልዩ 900፣ መሃሉ ላይ የተከፈለ ሁለት ጠፍጣፋ መስታወት ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። መስታወቱ የሚያዘው በላስቲክ ነው። የዚህ ትልቁ ደስታ የተሰበረውን ግማሽ ብቻ መቀየር መቻሉ ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ ሙጫ እስኪደርቅም አትጠብቁም። በዚህ ዓይነት ትራክ ላይ ስለ ጥገና ብዙ ባልጨነቅም ቅር አይለኝም። ብቻ ላስቲኩ አርጅቶ ከደረቀ አብሮ ይቀየር። በአሮጌ ላስቲክ የገባ አዲስ መስታወት ውሃ ያስገባል።

ብዙዎቹ አዳዲስ ትራኮች ግን ሰፊ፣ የተጠማዘዘ፣ አንድ ወጥ መስታወት አላቸው። የሚለጠፈውም በዩሬቴን ማጣበቂያ ነው። እዚህ ላይ ሰዓት ወሳኝ ነው። ዩሬቴን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ነው። ብርድና ደረቅ አየር ያዘገዩታል። ዋዮሚንግ ላይ በጥር ወር የሚፈጀውና ሂዩስተን ላይ በሐምሌ የሚፈጀው ጊዜ አንድ አይደለም። «ስንት ሰዓት ላይ መንዳት እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱም ከማጣበቂያው ማሸጊያ ላይ ካለው መመሪያ የመጣ ይሁን። «አሁኑኑ ሂድ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። እኔ የማደርገው ቀጠሮውን ለ10 ሰዓታት ከምወስደው ዕረፍት ወይም የሳምንቱን የሥራ ሰዓት እንደ አዲስ ከሚያስጀምረው የ34 ሰዓት ዕረፍት (ሪሴት) ጋር ማገጣጠም ነው። ያኔ መድረቂያው ጊዜ ከገቢዬ ላይ አይቆረጥም።

ቀጥሎ ካሜራው አለ። እንደ ቤንዲክስ ዊንግማን ፊውዥን ወይም ዲትሮይት አሹራንስ ያሉት አደጋ መከላከያዎች መስታወቱ ላይ የሚቀመጥ ካሜራ አላቸው። መስመር ስትስቱ የሚጮኸውና ፍሬን የሚይዘው ሲስተም ዓይኑ እሱ ነው። መስታወቱ ከተቀየረ በኋላ ካሜራው በአምራቹ መመሪያ መሠረት ተስተካክሎ መመርመር፣ ማለትም ካሊብሬት መደረግ አለበት። በትንሹ የተዛባ ካሜራ ከሩቅ ሲያይ ብዙ ይስታል። ያለምክንያት ፍሬን ሊይዝ ይችላል፣ ወይም መያዝ ሲገባው ላይዝ ይችላል።

ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ «ካሊብሬሽን ውስጡ አለ?» በሉ። በአፍ ብቻ አይበቃም፤ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚከብዳቸው አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች በዚህ ሥራ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። ጋራዡ የሰጣችሁን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ለልጃችሁ ወይም ለጓደኛችሁ ላኩ። አስነብቡት፣ ከዚያ ፈርሙ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አንድ ጓደኛዬ ርካሽ ዋጋ ያገኘበት ቦታ አስቀየረ። መስታወቱ በሁለት ወር ውስጥ ያለ ምንም ጠጠር ከጠርዙ ተሰነጠቀ። ምክንያቱ ኋላ ታወቀ። መስታወቱ የሚቀመጥበት የብረት ጠርዝ ዝጎ ነበር። ዝገቱን ሳያጸዱ፣ ቀለም ሳይቀቡ፣ በላዩ ላይ ለጠፉት። እናንተም ስንጥቅ ስታዩ የእስክሪብቶ ጫፍ በላዩ ላይ አስሂዱ። ጠጠር የመታው ጉድጓድ የሆነ ቦታ ላይ ጫፉን ይይዘዋል። ምንም ጉድጓድ ከሌለና ስንጥቁ ከጠርዝ ከተነሳ፣ ችግሩ የዝገት ወይም የአገጣጠም ሊሆን ይችላል። ያንን ሳያዩ መስታወት ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

አዲሱ መስታወት ጥግ ላይ ኤኤስ1 የሚል ምልክት ይኑረው። ለፊት መስታወት የተፈቀደው ደረጃ እሱ ነው። የአምራቹን ይሁን ሌላ ካምፓኒ የሠራውን በሚለው ክርክር፣ ካሜራ የሌለው ትራክ ካላችሁ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ የሌላ ካምፓኒ መስታወት ይበቃችኋል ባይ ነኝ። ካሜራ ካለው ግን የአምራቹን ወይም አምራቹ የተቀበለውን ፈልጉ።

ዳሽካም (መንገዱን የሚቀርጽ ካሜራ) እና ጂፒኤስ መልሳችሁ ስትለጥፉም ቦታውን አስተውሉ። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ዝናብ መጥረጊያው ከሚጠርገው ቦታ የላይኛው ጫፍ እስከ 8.5 ኢንች ወደ ታች፣ ከታችኛው ጫፍ ደግሞ እስከ 7 ኢንች ወደ ላይ መለጠፍን ይፈቅዳል። መንገዱንና ምልክቶችን የምታዩበትን መስመር ግን መከለል የለበትም።

ገንዘቡ

የትራክ መስታወት ማስቀየር ዋጋው ሰፊ ነው። ለተከፈለው ጠፍጣፋ መስታወት ጥቂት መቶ ዶላር ሊበቃ ይችላል። ለትልቁ አንድ ወጥ መስታወት ካሊብሬሽን ሲጨመር ከ1,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። የንግድ ትራክ ኢንሹራንስ ደግሞ 1,000 ወይም 2,500 ዶላር ዲዳክተብል (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት እናንተ የምትችሉት ገንዘብ) መያዙ የተለመደ ነው። ያ ማለት ብዙ ጊዜ የምትከፍሉት ከኪሳችሁ ነው። ለቤት መኪና «መስታወት በነፃ ነው» የሚባለውን ሰምታችሁ ለትራኩ አትገምቱ። ፖሊሲያችሁ ላይ መስታወትን ለብቻው የሚጠቅስ አንቀጽ ካለ ወኪላችሁን ጠይቁ። የምትጠይቁትም ጠጠር ከመምታቱ በፊት ይሁን።

በሌላ ካምፓኒ ሥር የምትሠሩ ከሆነ ውሉን ክፈቱ። መስታወት በማን ወጪ ነው? ካምፓኒው የሚፈልገው ጋራዥ አለ? ሳትደውሉ ካሠራችሁ ገንዘቡ ላይመለስ ይችላል። ደሞዝተኛ ከሆናችሁ ደግሞ ፎቶ አንሱ፣ በጽሑፍ አሳውቁ፣ የላካችሁትን አስቀምጡ። ዲስፓቸሩ (ሥራ የሚመድብላችሁ ሰው) «ሎዱን አድርስና እናያለን» ቢላችሁ እንኳ የነገራችሁበት ማስረጃ ይኖራችኋል።

በሒሳቡ ውስጥ ብዙ ሰው የሚረሳው የቆመ ትራክ ነው። 400 ዶላር ከሚያስከፍለው ቅርብ ጋራዥ ይልቅ 320 ዶላር የሚለው ተመረጠ እንበል። ግን ያ ጋራዥ 60 ማይል ከመንገድ ያስወጣል፣ ቀጠሮውም ነገ ከሰዓት ነው። 80 ዶላር ለማዳን የአንድ ቀን ሥራ ይሄዳል። ዋጋ ስታወዳድሩ ከጋራዡ ዋጋ ላይ የምታጡትን ሰዓት ደምሩበት።

ያቺ የመጀመሪያ ደቂቃ

ጠጠሩ እንደመታ በደህና ቦታ ቁሙ። ፔኒዋን አስቀምጡበትና ከነፔኒዋ ፎቶ አንሱ። መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጋችሁ የተመታውን ቦታ በግልጽ ፕላስተር ሸፍኑት፣ ዓይናችሁን የማይከልል ከሆነ። አቧራና ውሃ እንዳይገባበት ነው። ጠጋኙ ሲመጣ ይላጣል። የመስታወት ማጠቢያውን አትርጩበት። ትራክ ዋሽ አትግቡ። ብርድ ከሆነ ሂተሩን ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ሙቅ ውሃ በፍጹም አታፍሱበት። ሙቀት ከሆነም ኤሲውን በቀጥታ መስታወቱ ላይ አትልቀቁ። አይ-70ን ይዛችሁ ወደ አይዘንሃወር ዋሻ የምትወጡ ከሆነ፣ እዚያ ከፍታው 11,000 ጫማ ገደማ ነው፤ ከታች ሞቆ የነበረው አየር እላይ ብርድ ይሆናል። ከቻላችሁ ተራራውን ከመውጣታችሁ በፊት ዴንቨር ወይም አውሮራ ላይ አስጠግኑት።

እኔ አሁን አንዲት ፔኒ፣ አንድ የዶላር ኖትና አንድ ጥቅል ፕላስተር ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ አድርጌ ነው የምነዳው።